ከቡኻሪ በፊት የነበረው ሙግት

ስለ ሐዲስና ቁርኣን ግንኙነት ክርክር በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚጠራው የኢማም ቡኻሪ ስም ነው። ዋናው ሙግት ግን ከእርሳቸው ይቀድማል። ኢማም ሻፊዒይ እ.ኤ.አ. በ820 ግብፅ ውስጥ ሲሞቱ ቡኻሪ ገና የ10 ዓመት ገደማ ልጅ ነበሩ።

ሻፊዒይ «ጂማዕ አል-ዒልም» በተሰኘው መጽሐፋቸው ሐዲስን ከማይቀበል ሰው ጋር ያደረጉትን ሙግት አስፍረዋል። የሰውዬው ጥያቄ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም፦ ቁርኣን ሁሉን የሚያብራራ ከሆነ፣ ሊረሳና ሊሳሳት የሚችል ሰው ባወራው እንዴት ይፈረዳል?

ሻፊዒይ ወደ ራሱ ወደ ቁርኣን መለሱት። ቁርኣን መጽሐፍንና ጥበብን አጣምሮ ሲጠራ፣ ጥበብ የተባለው የነቢዩ ሱና ነው አሉ። ደግሞስ ሶላትና ዘካ በቁርኣን ታዘዋል፤ ዙህር አራት ረከዓ መሆኑ፣ የብር ዘካ ከ40 አንድ መሆኑ የታወቀው ግን በሱና ነው። ይህ ማለት ሐዲስን ከቁርኣን በላይ ሰቀሉት ማለት አይደለም። በእርሳቸው ዘንድ ሱና ቁርኣንን ያብራራል እንጂ አይሽርም።

የጠያቂው ስጋት ግን መሠረት ነበረው። ሻፊዒይም አስተላላፊው በሃይማኖቱ የታመነ፣ በንግግሩ እውነተኛ፣ የሚያወራውን የሚያውቅ ይሁን ሲሉ ጥብቅ መስፈርት አኖሩ። ቡኻሪ ኋላ ሰነድ ሲያበጥሩ የኖሩት ለዚያው ተቃዋሚ መልስ ሲሰጡ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።