የመቅደላው መንገድ

ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ ያለችው መቅደላ ስትነሣ ብዙዎቻችን ሽጉጡን እንጂ መንገዱን አናስታውስም። እኔ ግን ስለ ግንባታ ፕሮጀክቶች መልካም አስተዳደር በተወራ ቁጥር ትዝ የሚለኝ መንገዱ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ የተሠራውን፣ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ በ1860 ዓ.ም. የበሽሎን ገደል ሳይቀር አስጠርበዋል፤ ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ ፈነቀሉ (እንደ ዘመናችን ሹማምንት ለፎቶግራፍ አልነበረም)። ሥራው ተጠናቀቀ። ነገር ግን አሠሪውም፣ መሐንዲሱም፣ ተቆጣጣሪውም እርሳቸው ነበሩና «መንገዱ ለማን ይጠቅማል?» ብሎ የሚሞግት አልተገኘም፤ ቅር ያለው ወታደር ምርጫው መኮብለል ነበር። በሚያዝያ የናፒየር ጦር ወደ በሽሎ የወረደው በዚያው ንጉሡ ባስጠረቡት መንገድ ነው።