ሐይቁ አንድ ቁጥር ነው

የባሕር ዳርን ምድር በቁጥር ያየሁት ኤን11ኢ037 የሚባል ፋይል ከፍቼ ነው። ከ11 እስከ 12 ዲግሪ ሰሜን፣ ከ37 እስከ 38 ዲግሪ ምሥራቅ ያለው መሬት በሙሉ እዚያ ውስጥ አለ። ሥዕል የለውም፣ የቦታ ስም የለውም፤ ከዳር እስከ ዳር ከፍታ ብቻ፣ በሜትር። ቁጥሮቹ ሲወጡና ሲወርዱ ቆይተው ድንገት አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ጣና ነው። ራዳር ውሃ ላይ ንባቡ ስለሚዛባ፣ መረጃውን ያዘጋጁት ሰዎች ሐይቆችን ሆን ብለው ለጥ አድርገዋቸዋል። ማዕበል የለ፣ ታንኳ የለ።

እንዲህ ያለው መረጃ ነው ዛሬ በትናንሽ አውሮፕላኖች ኮክፒት ውስጥ ቀይና ቢጫ ቀለም ሆኖ የሚታየው። ጂ.ፒ.ኤስ. አውሮፕላኑ የትና በምን ከፍታ ላይ እንዳለ ይናገራል፤ ኮምፒውተሩ ከፊት ካለው መሬት ጋር ያወዳድራል። በተለመዱት ስክሪኖች ላይ፣ ከእናንተ በታች ያለው መሬት ከ1,000 ጫማ በላይ ከቀረበ ቢጫ ይሆናል። 100 ጫማ ብቻ ሲቀረው ወይም ሲበልጣችሁ ቀይ። ኮዱ መቀነስና ማወዳደር ነው፣ ብዙም አያስደንቅም። ታሪክ ያላቸው ቁጥሮቹ ናቸው።

ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. አሜሪካዊው የምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድ የተሳፈረበት ትዊን ኦተር ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጋምቤላ ወደሚገኘው የፉኝዶ ስደተኞች ካምፕ ሲበር ከተራራ ጋር ተላተመ። 16ቱም ሰዎች አለቁ። ክረምት ነበር፤ ስብርባሪው እስኪገኝ ስድስት ቀን ፈጀ።

በዚያ ዘመን ትልልቆቹ አውሮፕላኖች የነበራቸው ማስጠንቀቂያ ራሱ የሚያየው ቁልቁል ብቻ ነበር። ከሆዱ ሥር የሬዲዮ ሞገድ ልኮ ርቀት ይለካል፤ ከፊት ቀጥ ብሎ የቆመን ገደል የሚያውቀው አፋፉ ላይ ሲደርስ ነው። መሣሪያውን የፈጠረው ካናዳ ተወላጁ መሐንዲስ ዶን ቤይትማን ወደፊት የሚያይ ሊሠራ ሲነሣ የዓለም ተራሮች ከፍታ አስፈለገው። ከየት ይምጣ? ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ወታደሮቿ ለጦርነት ያዘጋጁት የመሬት ከፍታ መረጃ ለገበያ ወጣ፤ መሥሪያ ቤቱን አስገዛው።

ከዚያ በየካቲት 1992 ኢንዴቨር የተባለችው መንኮራኩር 60 ሜትር የሚረዝም ክንድ ዘርግታ፣ በ11 ቀን በረራ አብዛኛውን የምድር ገጽ በራዳር ለካች። የእኔም ፋይል ከዚያ የመጣ ነው። ለአሜሪካ መሬት በየ30 ሜትሩ አንድ ቁጥር ለሕዝብ ተለቀቀ፤ ለእኛ በየ90 ሜትሩ። የ30 ሜትሩ ለአፍሪካ የተከፈተው በመስከረም 2007 ነው። በ90 ሜትር ውስጥ ስንት ገደል እንደሚገባ የጎጃምና የጎንደር ሰው ያውቀዋል። ራዳሩ በሰያፍ ስለሚያይም ገደል በበዛበት ቦታ ባዶ ቀዳዳዎች ቀርተው ነበር። ፋይሉ ውስጥ −32,768 ተብለው ይነበባሉ፤ ኋላ ላይ ከሌላ ምንጭ ተሞሉ።

ራስ ዳሽንን ትምህርት ቤት 4,620 ሜትር ብለን ነው የሸመደድነው። አሁን በብዛት የሚጠቀሰው 4,550 ነው። ልዩነቱ 70 ሜትር፣ ማለትም 230 ጫማ ገደማ። ቢጫና ቀይን የሚለየው መስመር 100 ጫማ መሆኑን አስታውሱ። ደግነቱ አሮጌው ቁጥር የተሳሳተው ወደ ላይ ነው። ወደ ላይ ሲሳሳት አብራሪውን በከንቱ ያስደነግጠዋል፣ ወደ ታች ቢሆን ግን...

ትክክለኛ ቁጥርም ቢሆን አውሮፕላኑን ከፍ አያደርገውም። ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ ወደ 6,000 ጫማ ይጠጋል። ከዚያ በሴስና 172 ተነሥታችሁ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ላሊበላ ብታቀኑ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጉና ከፊታችሁ ይቆማል፤ ከ4,100 ሜትር በላይ፣ ማለትም ከ13,400 ጫማ በላይ። የሴስናው ጣሪያ እንደ ሞዴሉ 14,000 ጫማ ገደማ ነው፤ ያውም በፋብሪካው ወረቀት ላይ። ስክሪኑ ቀይ ሲሆን «ውጣ» ማለቱ ነው፤ አየሩ የሳሳበት ሞተር ግን መውጣት ያቅተዋል። ያን ጊዜ ያለው መፍትሔ ቀድሞ መዞር ነው፣ ሸለቆው ሳይጠብ።

በዚያው በ1981 ዓ.ም.፣ መስከረም 5 ቀን፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ሲነሣ የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገባ። አብራሪዎቹ ከማረፊያው ብዙ ሳይርቁ በሆዱ አሳረፉት፤ ተቃጠለ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ያ መሬት ከነከፍታው ኤን11ኢ037 ውስጥ አለ። ርግቦቹ የሉም።