የ«ዱም» ሁለተኛ ዕድሜ
«ዱም» የተባለው የተኩስ ጨዋታ በአሜሪካው ኢድ ሶፍትዌር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1993 ወጣ። የተሠራው ዶስ ለተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት በመሆኑ ከዶስ ጋር አብሮ ሊረሳ ይችል ነበር። ያተረፈው አሠራሩ ነው፦ ካርታው፣ ሥዕሉና ድምፁ «ዋድ» በሚባል ፋይል ተለይተው ይቀመጣሉ፤ ጨዋታውን የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ደግሞ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ሞተሩን ብቻ ለአዲስ ማሽን ማደስ ይበቃል።

የኢድ ሶፍትዌሩ ፕሮግራመር ጆን ካርማክ በ1997 የሞተሩን ኮድ ለሕዝብ ለቀቀ። የዶሱ ቅጂ የድምፅ ክፍል የሌላ ወገን ንብረት ስለነበር የወጣው የሊኑክሱ ቅጂ ነው። በ1999 የኮዱ ፈቃድ ጂፒኤል ወደተባለው የነፃ ሶፍትዌር ፈቃድ ተለወጠ። ከዚህ ኮድ አዳዲስ ሞተሮች ተሠሩ፦ «ቾኮሌት ዱም» የጥንቱን ጨዋታ ከነጉድለቱ ጠብቆ ያስኬዳል፤ «ጂዜድዱም» በአንጻሩ 320 በ200 ነጥብ የነበረውን ምስል በዛሬ ስክሪን ጥራት ይስላል። በሰከንድ 35 የሆነው የጨዋታው ምት ግን አልተነካም። በ2009 ጨዋታው ወደ አይፎን ሲገባ ችግሩ የማሽን አቅም አልነበረም፤ በሚነካ ስክሪን ላይ የሚጫን ቁልፍ የለም፣ የተጫዋቹ አውራ ጣትም ጠላቱን ይሸፍነዋል።