የሽቦ ካሚዮንና የአሰብ መንገድ

ስለ መንገድ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚነግሩን መንገዱን ያሠራው መንግሥት ማን እንደ ሆነ፣ ስንት ገንዘብ እንደ ፈጀና ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚረዝም ነው። በመንገዱ ዳር ያደጉ ሕፃናት ያን መንገድ እንዴት እንዳዩት፤ ካዩትም በኋላ በእጃቸው ምን እንደ ሠሩ ግን እምብዛም አይጻፍም። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው ያሰብነው ይህንኑ፤ ይኸውም በደሴና በኮምቦልቻ ልጆች እጅ ይሠራ የነበረውን የሽቦ ካሚዮን ነው። ነገሩ የልጆች ጨዋታ ነው ብሎ የሚንቀው አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም፤ ነገር ግን ጥቂት እንዲታገሠን እንለምነዋለን።

መኪና ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. እንደ ሆነ የታወቀ ነው። የወሎ ገበሬ ልጅ ግን ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን የሚያውቀው መጫወቻ የጭቃ በሬና የአገዳ ፈረስ ነበር። ጭቃው ከወንዝ ዳር ይመጣል፤ ተድቦልቡሎ ሻኛና ቀንድ ይወጣለታል፤ ፀሐይ ላይ ከደረቀ በኋላም ጥንድ ጥንድ እየሆነ በስንጥር ቀንበር ይጠመዳል። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለናል። ልጅ በመጫወቻው የሚሠራው የቤቱ እንጀራ የሚመጣበትን ነገር ነውና፤ አባቱ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ልጅ በሬ ይሠራል።

ደሴ የንጉሥ ሚካኤል መናገሻ በነበረችበት ጊዜ ወደ ከተማይቱ የሚገባው ጭነት በበቅሎ፣ በአህያና በግመል ነበር። በረሃውን አቋርጦ የሚመጣው ግመል ባቲ ገበያ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ወዲያ ዳገቱ የበቅሎና የአህያ ነው። በ1928 ዓ.ም. ግን ነገሩ ተለወጠ። ኅዳር 26 ቀን የጠላት አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ፤ ሚያዝያ 7 ቀን የኢጣልያ ጦር ከተማይቱን ያዘ። በዚያው ወር ከ1,500 የሚበልጡ መኪናዎች ከደሴ ተሰልፈው ተነሡና ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ወሎ ይህን ያህል መኪና በአንድነት ሲያይ የመጀመሪያው ጊዜ ነበር፤ ያየውም በክፉ ቀን ነው።

ጠላት በአምስቱ ዓመት ውስጥ ከአሥመራ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን ጎዳና ሠራ፤ ከአሰብ ወደብ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ እያቋረጠ ባቲን አልፎ ኮምቦልቻ ላይ ከዚሁ ጋራ የሚገናኘውንም መንገድ አወጣ። ኮምቦልቻን ከተማ ያደረጋት ይህ መገናኛ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። ከዚያ እስከ ደሴ ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ነገር ግን ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር፤ ደሴ ደግሞ ወደ 2,470 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኙ በዚህች አጭር መንገድ ካሚዮኑ ከ600 ሜትር በላይ ይወጣል። የሐረጎን ጠመዝማዛ ያየ ሰው ይህን ቁጥር ሳይነገረው ያውቀዋል።

በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ከዓለም ባንክ በተገኘው የ5 ሚሊዮን ዶላር ብድርም የተበላሹት መንገዶች መጠገን ጀመሩ። በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋራ ከተዋሐደች በኋላ አሰብ የአገሪቱ ትልቅ የንግድ በር ሆነ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻም የነዳጅ ማጣሪያ ተሠራለት። እንግዲህ ብረቱም፣ ስኳሩም፣ ጨርቁም፣ ነዳጁም በኮምቦልቻ በኩል ያልፍ ጀመር። በጠላት ጊዜ የመጣውን ፊያት 634 ሕዝቡ በጣልያንኛ ቁጥሩ «ትሬንታ ኳትሮ» ይለው ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጣውን ፊያት 682 ኤን 3ን ደግሞ «ኤንትሬ» አለው፤ ይህም ኤንትሬ ተሳቢውን አስከትሎ ለብዙ ዓመታት የመንገዱ ጌታ ሆኖ ኖረ።

የሽቦ ካሚዮን ከዚህ መንገድ የተወለደ ነው። የጭቃውን በሬ የሚሠራው እጅ ያው ነበር፤ የተለወጠው የእንጀራው መምጫ ነው። በኮምቦልቻ አባቱ ሾፌር ያልሆነ ልጅ አጎቱ ረዳት ነው፤ አጎቱ ረዳት ያልሆነ እናቱ ለሾፌሮች ወጥ ትሠራለች፤ ወይም ጎረቤቱ ጎማ ይለጥፋል።

አሠራሩን በዝርዝር መንገር ይገባናል፤ ይህን የማያውቅ ተማሪ ዛሬ ብዙ ነውና። መጀመሪያ ሽቦ ይፈለጋል። ከተቃጠለ አሮጌ ጎማ ውስጥ የሚወጣው ሽቦ ጠንካራ ስለ ሆነ ለሻንሲው፤ ከአጥር የሚገኘው ለስለስ ያለው ለጋቢናው ይሆናል። አጥሩ የማን እንደ ሆነ ብዙም አይጠየቅም ነበር። ካረጀ የላስቲክ ነጠላ ጫማ ተረከዝ አራት ወይም ስድስት ጎማ ይቆረጣል፤ መሐሉ በጋለ ሚስማር ይበሳል። ኮፋኖው ከዘይት ቆርቆሮ ይወጣል። የዕቃ ሣጥን ከሚታሠርበት ጠፍጣፋ ብረት ሁለት ሦስት ቁራጭ ተደራርቦ ባሌስትራ ይሆናል፤ ባሌስትራ ያለው ካሚዮን ድንጋይ ሲረግጥ እንደ እውነተኛው ይነጥራል፤ ይህም ከሁሉ የሚያስቀና ነገር ነበር። ከፊተኛው አክሰል አንድ ረጅም ሽቦ ተነሥቶ በሸምበቆ ላይ ታሥሮ እስከ ልጁ ደረት ይደርሳል፤ ጫፉም እንደ ቀለበት ተጠምዝዞ መሪ ይሆናል። ልጁ ቆሞ እየሮጠ መሪውን ወደ ቀኝ ሲያዞር በፊቱ ያለው ካሚዮን ወደ ቀኝ ይታጠፋል።

በዚህ ሥራ መካከል የምንናገረው ቋንቋ ራሱ ታሪክ ነበር። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ኮፋኖ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ እንል ነበር፤ ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ፊደል ሳይቆጥሩ ጋራዥ የገቡ ታላላቆቻችን ከባዕድ መካኒክ አፍ የለቀሙትን ቃል እኛ ከእነርሱ ለቀምነው። ጠላት ሄደ፤ ቃሉ ግን የመካኒኩ ገንዘብ ሆኖ ቀረ። ስለ ቋንቋ የሚጨነቁ ሊቃውንት ለእነዚህ ነገሮች አዲስ ስም ቢያወጡላቸው አንቃወምም፤ ነገር ግን ባሌስትራን ከኮምቦልቻ ጋራዥ የሚያስወጣ ቃል ገና የተወለደ አይመስለንም።

ጨዋታው ሕግ ነበረው። የሜዳው ወዲያኛው ጫፍ አሰብ ይባላል፤ ወዲህኛው ደሴ ነው። አሰብ ላይ አፈር፣ ጠጠር ወይም በቆሎ ይጫናል፤ ባቲ ላይ ይታደራል፤ ከዚያ የሐረጎ ዳገት ይወጣል። በመካከሉ ኬላ አለ፤ በገመድ ይዘጋል፤ የኬላው ሹም የሲጋራ ወረቀት ላይ የተጻፈ ይለፍ ካላየ አያሳልፍም። (ዛሬ በመንግሥት ሥራ ላይ የምንገኘው አንዳንዶቻችን ይህን ሙያ የተማርነው ከዚያ ነው ይሉናል የሚቀልዱብን ሰዎች።) ታናናሾቹ ሾፌር አይሆኑም፤ ረዳት ናቸው። የረዳት ሥራ ታኮ ይዞ ከኋላ መሮጥ ነው፤ ካሚዮኑ ዳገት ላይ ሲቆም ታኮውን ፈጥኖ ከጎማው ሥር ካልጣለ ጭነቱ ሁሉ ይገለበጣል፤ በዚያን ቀንም ሹመት አያገኝም። የደሴ ልጆች ደግሞ ከተማቸው ቁልቁለት ስለ ሆነች ሌላ ነገር ነበራቸው። ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ በሳንቃ ሥር ገጥመው፤ በላዩ ተቀምጠው አስፋልቱን ይወርዱ ነበር። ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ ጉልበታቸው ያልተላጠ ጥቂት ነበሩ። እናቶች ይህን ጨዋታ ይረግሙት ነበር፤ እውነትም ነበራቸው።

በትምህርት ቤት የሽቦ ካሚዮን አይወደድም ነበር። ስማቸውን የማናነሣው አንድ መምህር ከበር ላይ የነጠቁትን ሁሉ በቁም ሣጥን ውስጥ ያከማቹ ነበር፤ ዓመቱ ሲያልቅ ባለቤቱ ተሳቢውን ከሌላው ተሳቢ መለየት አቅቶት ይለቀሳል። እኚያው መምህር በዚያው ክፍል ስለ ክብ ዙሪያና ስለ ዲያሜትር ሲያስተምሩ ካሚዮኑን አውጥተው ቢያሳዩን ኖሮ ትምህርቱ ቶሎ በገባን ነበር እንላለን።

በሌላው ዓለም የነበረውን መጫወቻ ማነጻጸሩ ደግሞ ይጠቅማል። በ1949 ዓ.ም. ፍሬድ ፍራንሲስ የተባለ እንግሊዛዊ «ስካሌክስትሪክ» የተባለውን የኤሌክትሪክ መኪና እሽቅድምድም ለገበያ አወጣ። በላስቲክ መንገድ ላይ ጠባብ ቦይ ይቀደዳል፤ በቦዩ ግራና ቀኝ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ብረት ይዘረጋል፤ ከመኪናይቱ ሥር የወጣች ምላስ በቦዩ ውስጥ እየሄደች ትመራታለች። የእውነተኛውን 1/32ኛ የምታህለው መኪና በክፍል ውስጥ ስትበር ልጁ ተቀምጦ ፍጥነቷን በእጁ ይቆጣጠራል። ያን መጫወቻ በልጅነታቸው ያገኙ አውሮፓውያን ከሸመገሉ በኋላ በብዙ ገንዘብ እየገዙ ሲሰበስቡት ይታያሉ፤ ናፍቆታቸው ይገባናል። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ በዚያ መጫወቻ የመኪናይቱን መንገድ ቦዩ አስቀድሞ ወስኖታል፤ ለልጁ የተረፈለት ፍጥነቱ ብቻ ነው። የእኛው ሞተር የልጁ እግር ስለ ነበረ ፍጥነቱ የታወቀ ነው፤ መንገዱ ግን የልጁ ነበር። ከእኛ ጋራ የሚመሳሰለውን ለማግኘት ወደ ማላዊ መሄድ ይሻላል፤ በዚያ አገር ልጆች ከሽቦ የሚሠሩትን መኪና «ጋሊሞቶ» ይሉታል።

ድህነትን ለማመስገን ይህን አልጻፍንም። በደሴ ፒያሳ በሱቅ መስታወት ውስጥ የተደረደረውን የፋብሪካ መኪና እያየን ብዙ ጊዜ ቆመናል፤ በዚያን ሰዓት በሽቦው ለውጡኝ ብንባል እናቅማማ ነበር ብሎ መናገር ሐሰት ይሆናል። የዘይቱም ቆርቆሮ ከየት እንደ መጣ መርሳት አይገባም። በ1977 ዓ.ም. ወሎ በረኀብ ሲያልቅ የእርዳታው እህልና ዘይት በዚሁ በአሰብ መንገድ ወጥቷል፤ ከእኛ የሚበልጡት ወንድሞቻችን የካሚዮናቸውን ኮፋኖ የቀደዱት ከዚያ ቆርቆሮ ላይ እንደ ነበረ ይነግሩናል። የባዕድ ፊደል የተጻፈበት ኮፋኖ ጌጥ ይመስላቸው ነበር።

በግንቦት ወር 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋራ ጦርነት ተነሣና የአሰብ መንገድ ተዘጋ። እኛ ያን ጊዜ ዐሥር ዓመት ገደማ የሆነን ልጆች ነበርን። ነገሩን የተረዳነው በሬዲዮ አይደለም፤ በሌሊት ነው። ማታ ማታ ከባቲ በኩል ሲመጣ እንቅልፍ የሚነሣን የከባድ መኪና ድምፅ ቀረ፤ ዝምታው አላስተኛንም። ከሰፈራችን ሾፌሮች አንዳንዶቹ በጅቡቲ መስመር ለመሥራት ቤተ ሰባቸውን ይዘው ወደ ናዝሬት ሄዱ፤ አንዳንዶቹ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ዋሉ። አባትን በቀን ቤት ማግኘት መጀመሪያ ደስ ያሰኝ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የጎረቤት ልጅ ጫማው ሲቀደድ አልተለወጠለትም፤ አሮጌ ጫማ ጎማ ሊሆን ቀርቶ እግር የሚሸፍን ሆኖ ቀረ።

በሜዳው ላይ ምን እንደ ሆነ ደግሞ እንንገር። ጨዋታው አልቆመም፤ ነገር ግን ወዲያኛው ጫፍ ላይ ክርክር ተነሣ። ታላላቆቹ አሰብ ነው አሉ፤ ታናናሾቹ አሰብ ተዘግቷል፤ ከተዘጋ ቦታ ጭነት አይመጣም አሉ። ለጥቂት ቀን ካሚዮኖቹ ባዶአቸውን ሲመላለሱ ሰነበቱ። በመጨረሻ አንዱ ታናሽ ያን ጫፍ ጅቡቲ ብሎ ሰየመው፤ ኬላውንም ወደ ሚሌ አዛወረው፤ ሁሉም ተስማማ። አዋቂዎቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ የአገሪቱ ጭነት ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ለሰሜኑ ክፍል የሚሆነው ከሚሌ እየታጠፈ በባቲ በኩል ኮምቦልቻ መድረሱ አልቀረም። የቀድሞው ብዛት ግን አልተመለሰም፤ ከሞተሩ የሚበልጥ ጥሩምባ የነበረው ኤንትሬም ጥቂት በጥቂት ከዓይን ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ርካሽ የሆነው የፕላስቲክ መኪና በየሱቁ ገባ። የሽቦውን የገደለው እርሱ ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን ይህን ሙሉ በሙሉ አንቀበልም። የፕላስቲኩ መኪና ዓይነቱ ብዙ ነው፤ የእሽቅድምድም አለ፣ የፖሊስ አለ፣ የእሳት አደጋ አለ፤ በኮምቦልቻ የማንም አባት የሚነዳው ግን ከመካከላቸው ማግኘት ያስቸግራል። ልጁ ስለዚህ ይገፋዋል እንጂ አይጭነውም፤ ሲሰበር የሚጠግንበት ቃልም የለውም። ደሴ ቤተ መዘክር አላት፤ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ብዙ ቅርሷን ተዘርፋለች። ያን ቤት እንደገና ለማደራጀት የሚደክሙ ሰዎች ከነጋሪቱና ከጋሻው አጠገብ፤ ተሳቢና ባሌስትራ ያለው አንድ የሽቦ ኤንትሬ ቢያስቀምጡ ቦታ የሚያጣብብ አይመስለንም። የሚሠራው ሰው እንደ ሆነ አልጠፋም፤ በሁለቱም ከተሞች ጋራዦች ውስጥ ፀጉራቸው የሸበተ መካኒኮች ዘይት በነካው እጃቸው ግማሽ ቀን ሳይሞላ ሊሠሩት ይችላሉ።

ባለፈው ክረምት በኮምቦልቻ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ሁለት ልጆች የሽቦ መኪና ሲነዱ አየን። ኤንትሬ አልነበረም፤ ሲኖትራክ ነው፤ የጭነት ሣጥኑ በገመድ ሲሳብ ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ እኛ በዘመናችን ያላሰብነው ብልሃት ነው። ታናሹ ታኮ ይዞ ከኋላ ይሮጣል። ጭነቱ ከየት እንደሚመጣ ብንጠይቃቸው ትልቁ መሪውን ሳይለቅ «ከሚሌ» አለንና ዳገቱን ቀጠለ።