ቡና ቤትና ጠጅ ቤት በጅማ አገር

ሰው ከሥራው ሲለቀቅ ከጎረቤቱና ከባልንጀራው ጋራ የሚጫወትበት ቤት በየአገሩ አለ። እንግሊዞች ይህን ቤት «ፐብ» ይሉታል፤ ቃሉም «የሕዝብ ቤት» ከሚል ስም ያጠረ ነው። እኛም በበኩላችን ጠጅ ቤትና ቡና ቤት አለን። የእነዚህን የሁለቱን ታሪክ ለመመርመር የሚወድ ሰው ወደ ጅማና በዙሪያዋ ወዳሉት የቡና ከተሞች ይመልከት።

ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1870 ዓ.ም. አንሥቶ ከኀምሳ ዓመት በላይ ጅማን ሲገዙ ቤተ መንግሥታቸው በጅሬን ኮረብታ ላይ ነበረ። ከኮረብታው በታች በሂርማታ በየሐሙሱ ታላቅ ገበያ ይቆም ነበር። በዚያም ቡና፥ ማር፥ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይሸጥ ነበር፤ የሚያሳዝነውም የሰው ልጅ ጭምር በባርነት መሸጡ ነው። የዛሬዋ የጅማ ከተማ ያደገችው በዚህ ገበያ ዙሪያ ነው።

ወደ ገበያው የሚመጣው ሕዝብ በመጠጥ የተለያየ ነበር። የአገሩ ሰው አብዛኛው ሙስሊም ስለ ሆነ ጠጅን ትቶ ቡናውንና ያልቦካ የማር ብርዙን ይጠጣል። ከሰሜን የመጣው ክርስቲያን ግን ጠጁን ሲወድ፥ ቡናን የሌላ ሃይማኖት መጠጥ ነው እያለ ለረጅም ዘመን ይርቀው ነበር። ይህም ጥላቻ እየቀነሰ የሄደው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ዳሩ ግን ሁለቱ መጠጦች በትውልዳቸው ጎረቤታሞች ናቸው፤ በጎማና በጌራ ጫካ የማር ቀፎ የሚሰቀልበት ታላቅ ዛፍ ከሥሩ ለበቀለው ቡና ጥላ ይሆነዋልና።

ጣልያኖች በ1929 ዓ.ም. ጅማን ይዘው የደቡብ ምዕራብ ግዛታቸው መቀመጫ ባደረጓት ጊዜ የአውሮፓን የመጠጥ ቤት ልማድ ይዘው መጡ። እነርሱ በ1933 ዓ.ም. ድል ሆነው ሲወጡም ልማዱ በከተማው ጸና። በአማርኛችን ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ፤ ይኸውም ቢራና አረቄ የሚሸጥበት ቤት «ቡና ቤት» ተብሎ መጠራቱ ነው። ቀድሞ ሰውን ይለያዩ የነበሩት መጠጦች በአንድ ስምና በአንድ ጣራ ሥር ተገናኙ ማለት ነው።

ሰው ወደዚህ ቤት የሚሄደው ለመጠጡ ብቻ እንዳይደለ የእንግሊዝ ታሪክ ይመሰክራል። ንጉሣቸው ዳግማዊ ቻርልስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1675 ዓ.ም. የመንግሥት ነቀፋ ይበዛባቸዋል ብሎ ቡና ቤቶች እንዲዘጉ ቢያውጅ፥ ሕዝቡ ስላጕረመረመ በጥቂት ቀን ውስጥ ዐዋጁን ለመተው ተገደደ። ሕዝቡ የተሟገተው ለሲኒው ሳይሆን ለጨዋታው ነበር።

ጨዋታውን የሚያጸናው መተማመን ነው። በአጋሮና በሊሙ ቡና በሚለቀምበት ወራት ገንዘብ ይበዛል፤ በክረምት ግን ኪስ ይደርቃል። ያን ጊዜ ባለቤቲቱ ደንበኛዋን በዱቤ ታስተናግዳለች። የዓለም የቡና ኮታ ስምምነት በ1981 ዓ.ም. ፈርሶ ዋጋው ሲወድቅ እንደ ታየው ሁሉ፥ በሩቅ ገበያ የሚወሰን ዋጋ የገበሬውንም የባለቤቲቱንም ኑሮ ይነካል።

ስለዚህ ቡና ቤት የሚመሰገነው በሚቀዳው መጠጥ ሳይሆን በሚሰበስበው ሰው ነው። የዓመት ልፋቱን በአንድ ሌሊት የሚያፈስ ሰው ቤቱን ያዋርደዋል፤ ልጆቹንም ያስርባል። ልኩን ዐውቆ የሚቀመጥ፥ ሲኒ የያዘውንም ብርሌ የጨበጠውንም እኩል የሚያከብር ሰው ግን፥ በሂርማታ ገበያ ተለያይተው ይጠጡ የነበሩት አባቶቻችን ያላገኙትን ማዕድ አግኝቷል።