የሲኒማ ቤት ደስታና ቅሬታ

ሰው ሥራውን ፈጽሞ በሚያርፍበት ሰዓት የሚያደርገው ነገር ጠባዩን ይገልጠዋል። በሥራ ላይ ሳለ አለቃው ያየዋል፣ ደመወዙም ያስገድደዋል፤ በዕረፍቱ ጊዜ ግን የሚያዘው የለምና እንደ ልቡ ይሆናል። ስለዚህ የሰውን ታሪክ ለመመርመር የሚፈልግ ጦርነቱንና ቤተ መንግሥቱን ብቻ ሳይሆን መዝናኛውንም መመልከት ይገባዋል። እኔም ዛሬ ወጣቱን አንባቢዬን ይዤ ወደ ሲኒማ ቤት ልገባ አስቤአለሁ። ሲኒማ ቤት ደስታም ቅሬታም ያለበት ስፍራ ነው። ነገሩን ቀረብ ብለን ስንመረምረው ግን ሁለቱም ከአንድ ምንጭ እንደሚቀዱ እናገኛለን፤ ምንጩም አጠገባችን የተቀመጠው ሰው ነው።

ተንቀሳቃሽ ሥዕል መጀመሪያ ሲወጣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚታይ ነበር። አሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሰን ኪኔቶስኮፕ የሚባለውን መሣሪያ በሚያዝያ ወር 1886 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ ለሕዝብ አቀረበ። ይህም ቁመቱ እስከ ሰው ደረት የሚደርስ የእንጨት ሣጥን ነበር። ተመልካቹ ገንዘቡን ከፍሎ ጎንበስ ይልና በቀዳዳው አሾልቆ ብቻውን ያያል፤ ሲፈጽም ቀና ብሎ ይሄዳል፣ ሌላው ይተካል። በዚያ ሣጥን ዘንድ የሚያስቸግር ጎረቤት የለም። ነገር ግን አብሮ የሚስቅም የለም።

ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በላይ ቆይቶ ኦገስትና ሉዊ ሉሚዬር የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ ወንድማማቾች ሥዕሉን ከሣጥን አውጥተው በነጭ መጋረጃ ላይ አበሩት። በታኅሣሥ ወር 1888 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች አቈጣጠር ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ማለት ነው፣ በፓሪስ ከተማ ግራን ካፌ በሚባለው ቡና ቤት ምድር ቤት ወንበር ደርድረው ከእያንዳንዱ ሰው አንድ ፍራንክ ተቀበሉ። ያን ዕለት ከፍለው የገቡት 33 ሰዎች እንደ ነበሩ ይነገራል። የታዩትም አሥር ፊልሞች ሲሆኑ አንዱ እንኳ አንድ ደቂቃ አይሞላም ነበር። ሠራተኞች ከፋብሪካ ሲወጡ፣ ሕፃን ልጅ ምግብ ሲበላ፣ አትክልት የሚያጠጣ ሰው በገዛ ቱቦው ውኃ ሲረጭ ታየ። በዚያ ቀን በአገራችን የአምባላጌ ጦርነት ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር፤ የዓድዋም ድል ሊደረግ ሁለት ወር ያህል ቀርቶት ነበር።

እንግዲህ የሲኒማ ልደት ተብሎ በዓለም የሚታሰበው የኤዲሰን ሣጥን የወጣበት ቀን ሳይሆን እነዚያ ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ አብረው የተቀመጡበት ቀን ነው። አንባቢ ይህን ነገር ልብ ይበል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ የመጣው ብዙ ሳይዘገይ ነው። ሕዝቡም ፊልም የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ጠራው። ሥጋና ደም የሌለው ጥላ ሲራመድ፣ ሲስቅና ሲታገል ያየ ሰው ሌላ ምን ስም ሊያወጣ ይችል ነበር? ዛሬ አንዳንድ ወጣቶች ይህን ሲሰሙ በአያቶቻቸው ይስቃሉ። ነገር ግን የሠለጠነ በሚባለው በፓሪስ ከተማም የሉሚዬር ወንድማማቾች የባቡር ፊልም በታየ ጊዜ ተመልካቹ «ባቡሩ ሊደፈጥጠን ነው» ብሎ ሸሸ እየተባለ እስከ ዛሬ ይተረካል። የታሪክ ሊቃውንት መርምረው ይህ ሽሽት መደረጉን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አናገኝም ይላሉ። ቢሆንም ተረቱ ራሱ የሚያስተምረው አለ፤ ሰው ሁሉ በአዲስ ነገር ፊት ሕፃን መሆኑን ነው። ከአያቶቻችን ይልቅ የሚያስደንቀው የእኛ ነገር ነው። እነርሱ ሰይጣን ያለበት መስሏቸው እንኳ ለማየት ገቡ፤ እኛ ግን ተአምሩን ስለ ለመድነው ማድነቅ ትተናል።

ተአምርነቱንም በጥቂቱ ላስረዳ። ፊልም ማለት የማይንቀሳቀሱ ፎቶግራፎች የተደረደሩበት ረጅም ጥቅል ነው። ድምፅ ያለው ፊልም በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 24 ፎቶግራፎችን ያሳልፋል። አንዱ ሥዕል አልፎ ሌላው እስኪተካ ድረስ መኪናው ብርሃኑን ይጋርደዋልና ተመልካቹ ሳያውቀው ከጊዜው ከፊሉን የተቀመጠው በጨለማ ነው። እንቅስቃሴውን የሚፈጥረው የእኛው ዓይንና አእምሮ ነው። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ፊልም ተዘርግቶ ቢለካ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። በቀድሞ ጊዜ ይህ ጥቅል መሀል ላይ ሲበጠስ አዳራሹ በፉጨትና በጩኸት ይናወጥ ነበር። ከላይ በጠባብ ክፍል ውስጥ በሙቀት ላብ የሚሰምጠውን ሠራተኛ ያሰበ ተመልካች ግን ጥቂት ነበር።

ሲኒማ ቤት የቅሬታ ብቻ ሳይሆን የሞትም ስፍራ የሆነበት ጊዜ ነበር። በሚያዝያ ወር 1889 ዓ.ም. በፓሪስ ለድሆች መርጃ በተዘጋጀ ባዛር ፊልም ሲታይ የመኪናው መብራት የሚበራበት ኤተር በክብሪት ተቀጣጠለ። ባዛሩም ከእንጨትና ከሸራ የተሠራ ነበርና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጋይቶ ከ120 በላይ ሰዎች አለቁ። በሲኒማ ቤት በሩ ወደ ውጭ እንዲከፈት፣ መተላለፊያውም ወንበር እንዳይዘጋው የሚያዘው ደንብ እንዲህ ባለ መከራ የተገኘ ነው። ስለዚህ አስተናባሪው «እባክዎ ከመተላለፊያው ይነሡ» ቢለን መቈጣት አይገባንም።

አሁን የታሪኩ መራራ ክፍል ላይ ደረስን። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ይዞ በቆየበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ሲኒማን እንደ ጦር መሣሪያ አድርጎ ይገለገልበት ነበር። ሉቼ የተባለው የመንግሥቱ የፊልም ድርጅት ወረራውን ሥልጣኔ አስመስሎ እየቀረጸ ለዓለም ያሳይ ነበር። በከተሞችም ሲኒማ ቤቶች ታነጹ፤ በአሥመራ በ1929 ዓ.ም. ገደማ የተሠራው ሲኒማ ኢምፔሮ አንዱ ነው። ነገር ግን ነጭ የሚገባበትና የአገሬው ሰው የሚገባበት ቤት ተለየ። በ1931 ዓ.ም. የወጣውም የዘር ሕግ ኢጣሊያዊ የሆነ ሰው ለአገሬው ወደ ተመደቡ የሕዝብ ስፍራዎች ቢመላለስ እንዲቀጣ አዘዘ። የሕጉ ፍሬ ነገር «ከእርሱ ጎን አትቀመጥ» ማለት ነበር። ፋሺስቶች አብሮ መቀመጥ ምን ያህል ኃይል እንዳለው አውቀው ነበር። ሁለት ሰዎች በአንድ ጨለማ ውስጥ በአንድ ነገር አብረው ከሳቁ በኋላ አንዱ ጌታ ሌላው ባሪያ ነው ብሎ ማሳመን ያስቸግራልና።

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ሕዝቡ ሲኒማ ቤቶቹን ገንዘቡ አደረጋቸው። ኢጣሊያኖች ለሲኒማ ብለው ጀምረው ሳይፈጽሙት የቀረው አዳራሽ ተሠርቶ በ1948 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የ25ኛ ዓመት ኢዮቤልዩ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተከፈተ፤ ይኸውም ኋላ ብሔራዊ ቴአትር የተባለው ነው። በሲኒማ ኢትዮጵያ፣ በአምፒርና በሌሎቹም የአሜሪካና የህንድ ፊልም ለማየት ሰልፉ ይረዝም ነበር። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ «ሂሩት አባቷ ማነው» የተባለው የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም ታየ። ቀጥሎም በ1966 ዓ.ም. «ጉማ» መጣ። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በተባለው ፊልሙ የገበሬውን ኑሮ ለዓለም አሳየ። በ2007 ዓ.ም. የያሬድ ዘለቀ ፊልም በፈረንሳይ አገር በካን የፊልም በዓል ከተመረጡት መካከል በመግባት ለኢትዮጵያ ፊልም የመጀመሪያው ሆነ። ሰይጣን ቤት የተባለው ቤት የራሳችንን ፊት የምናይበት መስተዋት ለመሆን በቃ ማለት ነው።

የሲኒማን ደስታ መዘርዘር ቀላል ነው። ከሁሉ በፊት መብራቱ ሲጠፋ የሚሰማው የልብ ምት አለ። ሁለተኛ ሳይሄዱ መሄድ አለ፤ በጥቂት ገንዘብ ቦምቤይንም ኒውዮርክንም አይቶ በእግር ወደ ቤት መመለስ ይቻላል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን አብሮ መሳቅና አብሮ ማልቀስ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሲስቅ ፈገግ ይላል፤ ከብዙ ሰው ጋር ሲስቅ ግን ሆዱን ይይዛል።

ቅሬታውም እንዲሁ ብዙ ነው። አንዱ ዘግይቶ ይመጣና የሰዉን ሁሉ እግር እየረገጠ ያልፋል። ሌላው ፊልሙን አስቀድሞ አይቶት ኖሮ፣ ሳይጣሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት እንዲሉ፣ «አሁን ይሞታል፣ ቆይ ተመልከት» እያለ ያውጃል። አንዱ ቆሎ ይቆረጥማል። በዛሬ ጊዜ ደግሞ ስልኩን እያበራ በጨለማው መካከል ፋኖስ የሚሆን አለ። እኔም እንደዚህ ባሉት ሰዎች ብዙ ጊዜ ተቈጥቻለሁ። ስለ አንዱ ቍጣዬ ግን እስከ ዛሬ አዝናለሁና ልንገራችሁ።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ተማሪ ሳለሁ ከምግቤ ቀንሼ ባጠራቀምኩት ገንዘብ የህንድ ፊልም ለማየት ገባሁ። ከኋላዬ አንድ ወጣት ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተቀምጦ ነበር። ሽማግሌው «ይህች ልጅ የማን ናት? አሁን ለምን ታለቅሳለች?» እያሉ ይጠይቃሉ፤ ወጣቱም ይመልሳል። እንደ እኔው ህንድኛ አያውቅምና መልሱን ከልቡ ይፈጥረው ነበር። ጥቂት ታገሥሁ፤ በመጨረሻ ግን ዘወር ብዬ ሰው ሁሉ እስኪሰማ «ዝም በሉ! ካልቻላችሁ ውጡ!» አልኩ። ወጣቱ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ይቅርታ ወንድሜ፤ አባቴ ሲኒማ ሲያዩ ዛሬ ገና መጀመሪያቸው ነው» አለኝ። ሽማግሌው ግን ክንዱን ያዙና፣ «ተወው ልጄ፣ እውነቱን ነው፤ እርሱም ከፍሎ የገባ ነው። እኔ በጠላት ዘመን በዚህ ደጅ ሳልፍ ሙዚቃው ይሰማኝ ነበር። መግባት ለእኛ አልተፈቀደም ነበርና ውስጡን ልየው ብዬ ነው የመጣሁት። አሁን አየሁት» አሉት።

ከዚያ በኋላ ፊልሙ እስኪያልቅ አንድ ቃል አልተነፈሱም። የፈለግሁትን ጸጥታ አገኘሁ፤ ፊልሙን ግን አላየሁትም። መብራት ሲበራ ተነሥቼ ይቅርታ ልጠይቅ አሰብኩ፤ ዕፍረት ያዘኝና አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ጠላት «አትግባ» ብሎ የከለከላቸውን ሰው፣ ነጻ በወጣው አገራቸው «ውጡ» ያልኳቸው እኔ ነበርኩ።

ይህን ስል በሲኒማ ቤት መለፍለፍ ይገባል ማለቴ አይደለም። ጸጥታ የሁሉ መብት ነው። ነገር ግን መብትን በጨዋ አንደበት መጠየቅ ይቻል ነበር፤ ጠጋ ብዬ «አባቴ፣ ትንሽ ዝቅ ያድርጉልኝ» ብል ኖሮ እርሳቸውም ደስታቸውን፣ እኔም ፊልሜን ባላጣን ነበር። የሚያውክ ጎረቤት ሁሉ ባለጌ አይደለም። አንዳንዱ ከእኛ ይልቅ ረጅም መንገድ ተጕዞ የደረሰ ነው።

ዛሬ ብዙ ወጣቶች ፊልምን በእጅ ስልካቸው ላይ፣ ጆሮአቸውን ደፍነው ብቻቸውን ያያሉ። ይህ ምቹ ነው፤ እግር የሚረግጥ የለም፣ ቆሎ የሚቆረጥም የለም። ነገር ግን ጎንበስ ብሎ ብቻን ማየት የኤዲሰን ሣጥን ነገር ነው፤ ዓለም ያን ሣጥን ትቶ ወደ ሉሚዬር አዳራሽ የገባው ስለ ምክንያት ነው። ስልኩን ጣሉ አልላችሁም። ነገር ግን አልፎ አልፎ ቲኬት ቁረጡና ከማታውቁት ሰው ጎን ተቀመጡ፤ ስትችሉም ይህን ዕድል ያላገኘ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ይዛችሁ ግቡ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል፤ መድኃኒትም አንዳንድ ጊዜ ይመራል። ጎረቤታችሁ ቢያውካችሁ በዝግታ ንገሩት፤ እርሱም ከእናንተ ጋር ሲስቅ በሰማችሁ ጊዜ፣ አባቶቻችን የተከለከሉት ነገር ይህ እንደ ነበር አስቡ።