ከፈዝ ፔዳል ጥርት ያለ ድምፅ

በኤሌክትሪካል ምህንድስና ትምህርት ክፍል ያለፋችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ አምፕሊፋየር ከአቅሙ በላይ ሲነዳ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፤ ይህም ጉድለት ነው። በላብ ሪፖርቱ ላይ ክሊፒንግ ያሳየ ተማሪ ምክንያቱንና መፍትሔውን መጻፍ ነበረበት። የጊታር ፈዝ ፔዳል ግን ያንኑ ጉድለት ሆን ብሎ የሚያመርት ዕቃ ነው። ታሪኩ ሲወራ የሚወደሰው ሻካራነቱ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው፦ ተጫዋቾቹ ከዚያ ሁሉ ሻካራነት ውስጥ ከባንዱ በላይ ጥርት ብሎ የሚሰማ ሊድ ማውጣታቸው።

ነገሩ የተጀመረው ናሽቪል ውስጥ በብልሽት ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው የማርቲ ሮቢንስ “ዶንት ወሪ” ሲቀዳ፣ የግራዲ ማርቲን ቤዝ ጊታር የገባበት የሚክሰር መስመር ተበላሽቶ ስለነበር ድምፁ እየጎረነነ ወጣ። እንዳለ ተተወ። የቀረጻ ባለሙያው ግሌን ስኖዲ ያንን ድምፅ በትራንዚስተር መልሶ ሠራው፤ ጊብሰንም በ1962 “ማይስትሮ ፈዝ ቶን” ብሎ ገበያ ላይ አዋለው። በ1965 ኪዝ ሪቻርድስ በ“ሳቲስፋክሽን” ሲጠቀምበት ሐሳቡ ለትንፋሽ መሣሪያዎች ቦታ መያዝ ነበር። ልብ በሉ፣ የተጫወተው ኮርድ ሳይሆን ነጠላ ኖታ ነው።

ምክንያት አለው። ሁለት ኖታ አብረው ፈዝ ውስጥ ሲገቡ፣ የሁለቱ ድምርና ልዩነትም አብሮ ይወጣል። 440 እና 660 ኸርዝ ቢገቡ ልዩነቱ 220 ነው፤ ያው ኖታ አንድ ኦክታቭ ወርዶ ነውና ጆሮ አይቀየመውም። 440 እና 554 ቢሆኑ ግን 114 ይወጣል፤ ይህ ከኮርዱ ውስጥ የሌለ እንግዳ ነው። አራት አምስት ክር ሲሆንማ በቃ፣ ጭቃ ነው። ነጠላ ኖታ የሚወልደው የራሱን ሃርሞኒኮች ብቻ ነው። (በገና ያደመጠ ሰው ይህ አይደንቀውም። ከክሩ ሥር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ ድምፁን ታነዝረዋለች፤ ደርዳሪው ግን ለእያንዳንዱ ክር እያስተካከለ ነው የሚያስገባት እንጂ እንዲያው አይወትፋትም።)

ትልቁ ትምህርት የመጣው በ1966 ለንደን ላይ አርቢተር ካወጣው ክቡ “ፈዝ ፌስ” ጋር ነው። ሁለት ትራንዚስተር፣ ሁለት ማዞሪያ፣ አንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ። ጀማሪ የፈዙን ማዞሪያ እስከ ጥግ ይወስደውና “አልጠራ አለኝ” ይላል። ጂሚ ሄንድሪክስ ግን ድምፁን የሚገራው በጊታሩ ቮልዩም ነበር። የፔዳሉ የመግቢያ ኢምፒዳንስ በጣም ዝቅተኛ በመሆኑ ቮልዩሙን ከ10 ወደ 7 ወይም 8 ዝቅ ማድረግ ብቻ ሞገዱን ከመቆረጥ ያወጣዋል፤ የጣት አመታቱ ይሰማል፣ ኖታው አፍ ያወጣል። ለዚህም ነው በጊታሩና በፈዙ መካከል በፈር ያለው ሌላ ፔዳል ሲገባ ያ ጠባይ የሚጠፋው።

የጀርማኒየም ትራንዚስተር ነገር ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። ሙቀት ሲጨምር የሚያፈስሰው ከረንት ይጨምርና ባያሱ ይናጋል፤ ከሰዓት ያማረው ድምፅ ማታ መድረክ ላይ መብራቱ ሲግል ሌላ ይሆናል። በኋላ የመጣው ሲሊከን ይረጋል፤ ግን ጠርዙ ይሰላል። እኔን ብትጠይቁኝ ከነችግሩ ጀርማኒየሙን እመርጣለሁ።

ከኒው ዮርክ የመጣው “ቢግ መፍ” የተለየ ጣጣ አለው፤ መካከለኛውን ድምፅ ይቦረቡረዋል። ቤት ውስጥ ብቻህን ስትጫወት ግዙፍ ነው፤ ባንዱ ሲገባ የት እንደደረሰ አይታወቅም። ዴቪድ ጊልሞር በ1970ዎቹ መጨረሻ ይህንኑ ፔዳል የሰካው “ሃይዋት” የተባለ፣ ጮክ ብሎም የማይሻክር አምፕሊፋየር ላይ ነው። ሻካራውን ለፔዳሉ ትቶ አምፑን ንጹሕ አደረገው።

ዛሬ በክፍሉ ለምታስተምሩ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። የፈዝ ፌስ ሰርኪዩት ከሁለቱ ትራንዚስተርና ከሁለቱ ማዞሪያ ሌላ አራት ሬዚስተርና ሦስት ካፓሲተር ብቻ ነው፤ ለሁለተኛ ዓመት ላብ ልክ ነው። ሲግናል ጀነሬተር ብቻ ከሰካችሁበት ግን ዋናው ነገር ያመልጣችኋል፤ የጊታሩ ፒክአፕ ጥቅልል ራሱ የሰርኪዩቱ አካል ነውና። ጊታር ይዞ የሚመጣ ተማሪ መቼም አይጠፋም፤ ኦሲሎስኮፑን ክፈቱና ቮልዩሙን ቀስ አድርጎ እንዲያወርደው ንገሩት።